አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋባይት ወይስ አርቲኤክስ 4060 ባለ 8 ጊጋባይት? ለሞሽን ግራፊክስና ለብሌንደር ሬንደር

ኪነ ፍሬም (ጠያቂ)

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፣ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ለማስታወቂያ ድርጅቶችና ለቴሌቪዥን ፕሮግራሞች የሞሽን ግራፊክስ ሥራ በግሌ እሠራለሁ። አብዛኛው ሥራዬ አፍተር ኢፌክትስ በተባለው የአዶቢ ፕሮግራም የሚሠራ ነው፤ የፕሮግራም መክፈቻ፣ የእንግዳ ስም ማሳያ፣ የሚንቀሳቀስ አርማና የመሳሰለው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ደንበኞች የምርት ማስታወቂያ በስሪዲ እንዲሠራላቸው እየጠየቁ ስለ መጡ፣ ብሌንደር በተባለው የስሪዲ ፕሮግራም እየሠራሁ፣ በውስጡ ባለው ሳይክልስ በተባለው ሬንደረር ሬንደር ማድረግ (የመጨረሻውን ምስል አስልቶ ማውጣት) ጀምሬአለሁ፤ ችግሩም የተፈጠረው እዚያ ላይ ነው።

አሁን የምጠቀምበት ኮምፒውተር ራይዘን 5 3600 ፕሮሰሰር፣ ቢ450 ማዘርቦርድ፣ 16 ጊጋባይት ራም፣ ባለ 500 ዋት ፓወር ሰፕላይና ጂቲኤክስ 1650 ባለ 4 ጊጋባይት ግራፊክስ ካርድ አለው። ከበድ ያለ ሲን (የስሪዲ ትዕይንት) ስከፍት ሳይክልስ የካርዱ ሜሞሪ መሙላቱን ገልጾ ሥራውን ያቋርጣል። በፕሮሰሰሩ ብቻ ሬንደር ሳደርግ ደግሞ አንዱ ፍሬም የሚወስደው ጊዜ ለደንበኛ የማስረከቢያ ቀን ቆርጦ ለመናገር የሚያስችል አይደለም።

በፊቴ ያሉት አማራጮች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ያገለገለ አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋባይት፣ ሁለተኛው አዲስ አርቲኤክስ 4060 ባለ 8 ጊጋባይት ሲሆን፣ የሁለቱ ዋጋ እዚህ ገበያ ላይ ተቀራራቢ ነው። ሦስተኛው አንድ የማውቀው ሰው ሊሸጥልኝ የሚፈልገው ያገለገለ አርቲኤክስ 3090 ባለ 24 ጊጋባይት ነው፤ ዋጋው ከሁለቱ በጣም ይበልጣል፣ ነገር ግን ልበደርበት የምችለው ነው። ከዚህ ሌላ አሜሪካ የሚኖር የአጎቴ ልጅ በቅርቡ ለዕረፍት ስለሚመጣ፣ ከዚያ ቢገዛ የሚሻል ነገር ካለም ልጠይቀው እችላለሁ። በምሠራበት ሰፈር መብራት በሳምንት ውስጥ ደጋግሞ እንደሚጠፋም ከግምት አስገቡልኝ። ከሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የእነዚህ ዕቃዎች ዋጋ በብር ምን ያህል እንደ ራቀ ሁላችሁም ስለምታውቁት፣ አንድ ጊዜ ገዝቼ ቢያንስ ለጥቂት ዓመታት እንዲያገለግለኝ እፈልጋለሁ።

ድኅረ ምርት

ጥያቄው የተሟላ መረጃ ስላለው ለመመለስ ይመቻል። ነገር ግን ካርዶቹን ከማነጻጸር በፊት የአፍተር ኢፌክትሱንና የብሌንደሩን ሥራ ለያይተን ብናይ ይሻላል፤ ምክንያቱም ሁለቱ ፕሮግራሞች ከኮምፒውተሩ የሚፈልጉት ነገር የተለያየ ነው።

አፍተር ኢፌክትስ በዋናነት የፕሮሰሰርና የራም ፕሮግራም ነው። ግራፊክስ ካርዱን የሚጠቀሙ ኢፌክቶች አሉ፤ ብለሩ፣ የቀለም ማስተካከያው፣ ፍራክታል ኖይዝና ሌሎችም በካርዱ ላይ ይሠራሉ። ሆኖም የሌየሮቹን መደራረብ፣ የኤክስፕረሽን ስሌቱን፣ የሼፕና የጽሑፍ ሌየሮቹን ሥዕል፣ እንዲሁም ብዙዎቹን ከውጭ የሚገዙ ፕለጊኖች የሚሸከመው ፕሮሰሰሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ላይ በወጣው እትም የገባው መልቲ ፍሬም ሬንደሪንግ ፕሮሰሰሩ በአንድ ጊዜ ብዙ ፍሬሞችን ጎን ለጎን እንዲሠራ አድርጎታል፤ ይህ ትልቅ እርምጃ ቢሆንም እያንዳንዱ ፍሬም የራሱን የራም ድርሻ ስለሚይዝ፣ ራሙ ካነሰ ፕሮግራሙ ራሱ ጎን ለጎን የሚሠራቸውን ፍሬሞች ቁጥር ይቀንሳል። አዶቢ 16 ጊጋባይትን ዝቅተኛው መስፈርት አድርጎ 32 ጊጋባይትን የሚመክረው ያለ ምክንያት አይደለም። እርስዎ ዝቅተኛው ላይ ነዎት፤ በዚያው ራም ላይ ብሌንደርና ብራውዘር አብረው ከተከፈቱ ደግሞ ከዝቅተኛውም በታች ይወርዳሉ።

ስለዚህ ካርድ ከመግዛትዎ በፊት አንድ ነገር ይሞክሩ። ከተለመዱት የአፍተር ኢፌክትስ ሥራዎችዎ አንዱን ሬንደር እያደረጉ ታስክ ማኔጀርን ይክፈቱና የግራፊክስ ካርዱን፣ የፕሮሰሰሩንና የራሙን መስመር ይመልከቱ። የካርዱን አጠቃቀም ሲያዩ መጀመሪያ ላይ የሚታየው ሥዕላዊ መስመር የኩዳን (የአርቲኤክስና የጂቲኤክስ ሠሪ የሆነው የኤንቪዲያ የስሌት መንገድ) ሥራ ላያሳይ ስለሚችል፣ ከዝርዝሩ ውስጥ ኩዳ ወይም ኮምፒዩት የሚለውን ይምረጡ። ራሙ ጠርዝ ላይ ደርሶ ካርዱ ግን ሥራ ፈትቶ ካገኙት፣ 3090 ቢገጥሙበትም እንኳ ያ ሥራ የሚፈጥንልዎ በጥቂቱ ብቻ ነው። የእኔ ግምት እንዲህ ሆኖ ያገኙታል የሚል ነው፤ እናም ከካርዱ በፊት ራሙን ወደ 32 ያሳድጉ እላለሁ። ዲዲአር 4 ራም ከካርድ ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው።

ከዚህ የሚለዩ ሁኔታዎች መኖራቸውን መካድ አይቻልም። ኤለመንት ስሪዲን ወይም በአዲሶቹ እትሞች ውስጥ የገባውን አድቫንስድ ስሪዲ የተባለውን ሬንደረር የሚጠቀም ሰው ካርዱን በደንብ ያሠራዋል። የቀለም ሥራውን በዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚሠራም እንዲሁ፤ ሪዞልቭ ከሥሩ የተገነባው ለግራፊክስ ካርድ ነው።

ጥላና ብርሃን

ከላይ ስለ አፍተር ኢፌክትስ የተባለው ትክክል ስለ ሆነ እኔ የምጨምረው ስለ ሳይክልስ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ካርዱ ሁሉንም ነገር ይወስናል፤ ውሳኔውም ሁለት ደረጃ አለው። አንደኛው ሲኑ በካርዱ ሜሞሪ ውስጥ ይገባል ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው ከገባ በኋላ በምን ያህል ፍጥነት ይሠራል የሚለው ነው። ብዙ ሰው ከሁለተኛው ይጀምራል፤ የፍጥነት ንጽጽር ሠንጠረዦችን አይቶ ይገዛና ከጥቂት ወራት በኋላ ሲኑ አልገባ ይለዋል።

ሜሞሪው በምን እንደሚሞላ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። 4096 በ4096 ፒክሰል የሆነ አንድ ቴክስቸር (በዕቃው ገጽ ላይ የሚለጠፍ ሥዕል)፣ ባለ 8 ቢት አራት ቻናል ሆኖ በካርዱ ላይ ሲቀመጥ 64 ሜጋባይት ይይዛል። ፋይሉ ዲስክ ላይ ጄፔግ ሆኖ 5 ሜጋባይት ብቻ መሆኑ እዚህ ምንም አይረዳም፤ ካርዱ ላይ የሚቀመጠው ተፈትቶ ነውና። በዚህ ስሌት አንድ ማቴሪያል አራት እንደዚህ ያሉ ቴክስቸሮች ቢኖሩት 256 ሜጋባይት ይሆናል፤ ሲኑ ውስጥ 20 እንደዚህ ያሉ ማቴሪያሎች ካሉ ደግሞ 5 ጊጋባይት ሞላ ማለት ነው። ግራጫ ብቻ የሆኑት ቴክስቸሮች ባለ አንድ ቻናል ሆነው ሲቀመጡ ስለሚያንሱ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ዝቅ ሊል ይችላል። በሌላ በኩል ለብርሃን የሚያገለግል 8192 በ4096 የሆነ ኤችዲአርአይ የተባለ ሥዕል በሙሉ ባለ 32 ቢት ጥራት ሲገባ ብቻውን 512 ሜጋባይት ይወስዳል። በዚህ ላይ የቅርጾቹ ጂኦሜትሪ፣ ጨረሮቹ የሚመሩበት ቢቪኤች የተባለው መዋቅር፣ የዲኖይዘሩ (የምስሉን ነጠብጣብ የሚያጠራው ክፍል) ሜሞሪ፣ እንዲሁም ዊንዶውስና የብሌንደር መስኮት ራሳቸው የሚይዙት አለ። ባለ 8 ጊጋባይት ካርድ ለሬንደር የሚተርፈው 7 ጊጋባይት አካባቢ ነው ብሎ ማሰቡ ይበጃል።

ሳይክልስ በኩዳም ሆነ ኦፕቲክስ በተባለው ሌላው የኤንቪዲያ መንገድ ሲሠራ፣ ሜሞሪው ከሞላ የተወሰነውን ወደ ኮምፒውተሩ ራም ሊያሻግር ይችላል፤ ሬድሺፍት የተባለው ሌላ ሬንደረርም በዚህ በኩል የራሱ ዘዴ አለው። ዋጋው ግን ፍጥነት ነው። መረጃው በማዘርቦርዱ መስመር እየተመላለሰ ነው የሚነበበው፤ እዚህ ጋ ብዙ ሰው የማያየው አንድ ነገር አለ። 4060 የሚጠቀመው 8 ሌን (የመረጃ መተላለፊያ) ብቻ ሲሆን፣ የእርስዎ ቢ450 ማዘርቦርድ ካርዱን የሚያገናኝበት መስመር ደግሞ ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3 ነው፤ ይህም ካርዱ ከተሠራበት ከ4ኛው ትውልድ ፍጥነት ግማሽ ነው። ሲኑ በሜሞሪው ውስጥ እስከ ገባ ድረስ ይህ መስመር መጥበቡ ለሬንደር ያን ያህል አያስጨንቅም፤ ሜሞሪው በሞላ ጊዜ ግን ጠባቡ መስመር ጉዳቱን ያጎላዋል። 16 ጊጋባይት ብቻ ባለው ራምዎ ላይ ደግሞ የሚሻገርበትም ቦታ የለም።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። 4060 ከ3060 በንጹሕ የሬንደር ፍጥነት በግልጽ ይበልጣል፤ የሚወስደው ኃይልም 115 ዋት ነው፣ የ3060ው 170 ዋት ሲሆን። ሥራዎ አንድ ጠርሙስ በነጭ ጀርባ ላይ የሚሽከረከርበት ማስታወቂያ ብቻ ቢሆን 4060ን እመርጥልዎ ነበር። ነገር ግን አሁን የሚያቆምዎ ነገር የሜሞሪ እጥረት መሆኑን ራስዎ ነግረውናል፤ ከ4 ወደ 8 መሄድ ዛሬ ያስተነፍሳል፣ ለጥቂት ዓመታት ያገልግለኝ ለሚል ሰው ግን አይበቃም። ስለዚህ ከሁለቱ ባለ 12ቱን 3060 እመርጣለሁ። ሲገዙ ስሙን ብቻ አይመልከቱ፤ በ3060 ስም የወጣ ባለ 8 ጊጋባይት ካርድም ገበያ ላይ አለ።

የአጎትዎ ልጅ የሚያመጣልዎ ከሆነ ግን ሁለቱንም ትቼ ባለ 16 ጊጋባይት ካርድ እፈልግ ነበር። አርቲኤክስ 4060 ቲአይ ባለ 16 ጊጋባይቱ 165 ዋት፣ አርቲኤክስ 5060 ቲአይ ባለ 16 ጊጋባይቱ 180 ዋት ነው። ሁለቱም ሞዴሎች ባለ 8 ጊጋባይት መንትያ ስላላቸው በመልእክትዎ ላይ «16» የሚለውን ቁጥር አስምረው ይጻፉለት። የ50ው ተከታታይ ካርዶች ለአሮጌ የሶፍትዌር እትሞች አዲስ ናቸው፤ ሬድሺፍትን ወይም ኦክቴን የተባለውን ሬንደረር በቆየ እትም የሚጠቀም ሰው ካርዱን ጨርሶ ላያውቅለት ይችላል። ብሌንደር ነፃ ስለ ሆነና ማዘመኑም ቀላል ስለ ሆነ እርስዎን ይህ አያሳስብዎትም።

ቀለም ሰባሪ

ከኤንቪዲያ ውጪ ያለውን ማንም ስላላነሳ ላንሳው። ኤኤምዲ በተመሳሳይ ዋጋ ብዙ ጊዜ የበለጠ ሜሞሪ ይሰጣል፤ ብሌንደርም ከእትም 3.0 ጀምሮ ኤችአይፒ በተባለው መንገድ የኤኤምዲ ካርዶችን ይደግፋል። ለምን አይታሰብም?

ጥላና ብርሃን

ለብሌንደር ብቻ ከሆነ ሊታሰብ ይችላል። ሆኖም በተመሳሳይ ደረጃ ያሉ ካርዶች ሲነጻጸሩ የኤንቪዲያው ኦፕቲክስ የጨረር ማስያ ክፍሉን በደንብ ስለሚጠቀም በሳይክልስ ይቀድማል። ጠያቂው ነገ ከሌላ ስቱዲዮ ጋር ሲሠራ ኦክቴን ወይም ቪሬይ ጂፒዩ የተባለው ሬንደረር ቢቀርብለት ደግሞ በዊንዶውስ ላይ ሁለቱ በዋናነት የተመሠረቱት በኩዳ ነው። በአንድ ካርድ ኑሮውን ለሚገፋ ሰው በሩን መዝጋት አልፈልግም።

ዋትና ቮልት

ወንድሜ፣ እኔ የምናገረው መብራቱን ለተመለከተው ክፍል ነው፤ ከላይ ያሉት ሁሉ የዘለሉት እርሱን ነውና።

የ30 ሰከንድ ማስታወቂያ በ25 ፍሬም ሲሰላ 750 ፍሬም ነው። እያንዳንዱ ፍሬም ሁለት ደቂቃ ቢወስድ 1500 ደቂቃ፣ ማለትም 25 ሰዓት ይሆናል። በእርስዎ ሰፈር 25 ሰዓት ሙሉ ሳይቋረጥ የሚቆይ መብራት በስንት ቀን አንዴ እንደሚገኝ እርስዎ ያውቃሉ። ስለዚህ ከካርዱ ዓይነት በፊት የአሠራር ልማድዎ መስተካከል አለበት፤ ከብሌንደር በቀጥታ ኤምፒ4 አውጥተው አያውቁ። ፍሬሞቹን በፒኤንጂ ወይም በኢኤክስአር ተከታታይ ሥዕል አድርገው ያውጡ። በአውትፑት ማስተካከያው ውስጥ ኦቨርራይት የሚለውን ያጥፉና ፕሌስሆልደርስ የሚለውን ያብሩ፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሬንደሩን እንደገና ሲያስነሡት ያለቁትን ፍሬሞች እየዘለለ ካልተሠራው ይቀጥላል። ኃይሉ በተቋረጠበት ቅጽበት ይሠራ የነበረው ፍሬም ባዶ ፋይል ሆኖ ሊቀር ስለሚችል፣ ከማስቀጠልዎ በፊት በመጠናቸው ዜሮ የሆኑትን ፋይሎች ያጥፉ። አፍተር ኢፌክትስም በሬንደር ሴቲንግስ ውስጥ ስኪፕ ኤግዚስቲንግ ፋይልስ የሚል አማራጭ አለው፤ የሚሠራው ለተከታታይ ሥዕሎች ነው።

ከዚያ ወደ ፓወር ሰፕላዩ እንምጣ። ኤንቪዲያ ለ3060ም ሆነ ለ4060 የሚመክረው 550 ዋት ነው። የእርስዎ ባለ 500 ዋት ጥራቱ የታወቀ ከሆነ፣ ከራይዘን 5 3600 ጋር 3060ን መሸከም ያቅተዋል ብዬ አላስብም፤ ስሙ በማይታወቅ ፋብሪካ ተሠርቶ ከኬዝ ጋር አብሮ የመጣ ከሆነ ግን በላዩ የተጻፈውን 500 አልቀበልም። ለ3090 የሚመከረው 750 ዋት ነው፤ ካርዱ ብቻውን 350 ዋት የሚወስድ ከመሆኑም በላይ ለቅጽበት ከዚያ እጅግ አልፎ የመዝለል ጠባይ አለው፤ ደካማ ፓወር ሰፕላይ ያኔ ኮምፒውተሩን ድርግም አድርጎ ያጠፋዋል። ስለዚህ 3090 ሲያስቡ የካርዱን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የፓወር ሰፕላዩን፣ የዩፒኤሱንና ምናልባትም የኬዙን ዋጋ ጨምረው ያስቡ።

ስለ ዩፒኤስ ሲነሣ፣ በእኛ ገበያ «1000» ተብሎ የሚሸጠው ቪኤ እንጂ ዋት አይደለም፤ እንደ ሠሪው ቢለያይም 600 ዋት አካባቢ ነው የሚሸከመው። ባለ 3060 ኮምፒውተር ሬንደር ላይ እያለ በ300 ዋት ዙሪያ ይቆማል፤ ባለ 1000ው ዩፒኤስ ሥራውን አስቀምጠው በሥርዓት ለማጥፋት የሚበቃ ደቂቃ ይሰጥዎታል። ባለ 3090 ኮምፒውተር ግን 500 ዋት አካባቢ ስለሚደርስ ያው ዩፒኤስ ጠርዝ ላይ ይሆናል። ከመጥፋቱ ይልቅ ዕቃ የሚገድለው መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ያለው የቮልቴጅ መዋዠቅ ስለ ሆነ ስታቢላይዘር ያለው ዩፒኤስ ይምረጡ።

አንድ ተጨማሪ ነገር። የትኛውንም ካርድ ቢገዙ የኃይል ጣሪያውን ኤምኤስአይ አፍተርበርነር በተባለው ፕሮግራም ዝቅ ማድረግን ይልመዱ። ከሙሉ ኃይሉ ወደ 80 በመቶ ሲወርድ የሬንደሩ ፍጥነት የሚቀንሰው ከኃይሉ በጣም ባነሰ መጠን ነው፤ ሙቀቱና የፋኑ ጩኸት ግን በደንብ ይወርዳሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሯ በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ከካርዱ ላይ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ቀዝቃዛው አየር ጠባያችን በከፊል ይክሰዋል እንጂ፣ በባሕር ዳርቻ ከተማ የተሞከረ ካርድ እዚህ ፋኑን ከፍ አድርጎ ቢያሽከረክር አይግረምዎ። ኬዙ ከፊትና ከኋላ አየር የሚያስተላልፍ፣ አቧራውም የሚጠረግ ይሁን።

ኪነ ፍሬም (ጠያቂ)

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። እንደ ተመከርሁት ታስክ ማኔጀርን ከፍቼ የአፍተር ኢፌክትስ ሬንደር ሳደርግ ራሙ ከ95 በመቶ በላይ ሞልቶ፣ ካርዱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ሆኖ አየሁት። ስለዚህ የራሙ ጉዳይ ለእኔ ተወስኗል። 3090ውን ሙሉ በሙሉ ከመተው በፊት ግን ልጠይቅ፤ 24 ጊጋባይት በጣም ያጓጓል፣ ሻጩም ካርዱ ለጨዋታ ብቻ ያገለገለ ነው ይለኛል። ይህን ማረጋገጥ የሚቻልበት መንገድ አለ? በተጨማሪም አንድ ጓደኛዬ «መብራት የሚያስቸግርህ ከሆነ ላፕቶፕ ግዛ» ብሎኛል።

አሮጌ ሲሊከን

ያገለገሉ ካርዶችን ስፈትሽ የቆየሁ ሰው ነኝና ስለ 3090ው እኔ ልመልስ። ካርዱ ለምን እንዳገለገለ በእርግጠኝነት የሚናገር መሣሪያ የለም፤ የሚቻለው አሁን ያለበትን ሁኔታ ማየት ነው። ኤተሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 በግራፊክስ ካርድ ማይን መደረጉን (በካርድ ስሌት መመረቱን) ሲያቆም፣ በማይኒንግ ላይ የነበሩ በጣም ብዙ ካርዶች፣ 3090ም ጭምር፣ ወደ ያገለገለ ዕቃ ገበያ ፈስሰዋል። ማይን መደረጉ ብቻውን ካርዱን ገደለው ማለት አይደለም። ሆኖም የ3090 ሜሞሪ ቺፖች ግማሾቹ በካርዱ ጀርባ በኩል ስለ ተደረደሩና የጀርባው ማቀዝቀዣ ደካማ ስለ ሆነ፣ ሜሞሪውን ያለ ዕረፍት በሚያሠራ ሥራ ላይ ቺፖቹ ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይደርሳሉ። ቺፖቹን ከማቀዝቀዣው ጋር የሚያገናኙት ለስላሳ ንጣፎች ከጊዜ በኋላ ይደርቃሉ፤ ቅባት ከጎኑ ሲወጣም ይታያል።

ስለዚህ ሻጩ ካርዱን በኮምፒውተር ላይ ገጥሞ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ፤ በሳጥን ብቻ የሚሸጥልዎ ከሆነ ይተዉት። መጀመሪያ ጂፒዩ ዚ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ይክፈቱ። ባዮሱ (በካርዱ ላይ የተጫነው መነሻ ፕሮግራም) ተለውጦ በሌላ ስም የተሸጠ ሐሰተኛ የኤንቪዲያ ካርድ ካጋጠመው ይህ ፕሮግራም በስሙ ፊት ሐሰተኛ መሆኑን ይጽፋል፤ የሜሞሪውን መጠንም ያሳያል። ቀጥሎ የብሌንደርን ነፃ ቤንችማርክ ያስኪዱ፤ ሞንስተር፣ ጀንክሾፕና ክላስሩም የተባሉ ሦስት ሲኖች አሉት፣ ውጤቱንም ብሌንደር በይፋ ካወጣው የሌሎች ሰዎች ውጤት ጋር ማስተያየት ይቻላል። ያ በአጭር ጊዜ ስለሚያልቅ፣ የራስዎን ከባድ ሲን በፍላሽ ይዘው ሄደው ለግማሽ ሰዓት ያህል ሬንደር ያስደርጉት፤ ኤችዋር ኢንፎ በተባለው ፕሮግራም ደግሞ የሜሞሪውን ሙቀት ይከታተሉ። ከ105 ዲግሪ ሳይወርድ ከቆየ ንጣፎቹ መቀየር አለባቸው፤ ይህም ከዋጋው ላይ ሊቀነስ ይገባል። እያንዳንዱን የምስል ማውጫ ቀዳዳም በሞኒተር ይሞክሩ።

የግል አስተያየቴን ከጠየቁኝ ግን ለእርስዎ 3090ን አልመክርም። ካርዱ ድንቅ ነው፤ ለሬድሺፍትና ለትልልቅ ሲኖች ዛሬም ብዙ አዳዲስ ካርዶችን ያሳፍራል። ነገር ግን በብድር ተገዝቶ፣ ዋስትና ሳይኖረው፣ መብራቱ በሚዋዥቅ ሰፈር፣ በባለ 500 ዋት ፓወር ሰፕላይ ላይ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። አንዳንድ ሰዎች እንደሚያስቡት በኋላ ሌላ ካርድ ጨምሬ ሜሞሪውን እደምረዋለሁ ማለትም አይሠራም፤ ሁለት ካርዶች ፍጥነቱን ይጨምራሉ እንጂ፣ በተለመደው አሠራር እያንዳንዱ ካርድ የሲኑን ሙሉ ቅጂ ይይዛል። ሁለት ካርዶችን በሚያገናኘው ኤንቪሊንክ አማካይነት ሜሞሪ መጋራት ለ3090 የሚቻል ቢሆንም ሬንደረሩ የሚደግፈው ሊሆን ይገባል፤ ማዘርቦርድዎም ለዚያ አይመጥንም።

ስለ ላፕቶፕ ደግሞ፣ በስም አይታለሉ። የዴስክቶፕ 3060 ባለ 12 ጊጋባይት ሲሆን የላፕቶፑ ባለ 6 ነው፤ የዴስክቶፕ 4070 ባለ 12 ሲሆን የላፕቶፑ ባለ 8 ነው። ባትሪ ላይ ሲሆን ደግሞ ካርዱ ኃይሉን በጣም ስለሚቀንስ መብራት በጠፋ ጊዜ ሬንደር አደርግበታለሁ የሚለው ሐሳብ ብዙ አያስኬድም። ለአፍተር ኢፌክትስ ዝግጅትና ደንበኛ ቢሮ ሄዶ ለማሳየት ላፕቶፕ ጥሩ ነው።

ጥላና ብርሃን

ከላይ በተባለው ሁሉ እስማማለሁ። ካርዱ እስኪመጣ ድረስ ለባለ 4 ጊጋባይቷ ካርድዎ ማስታገሻ ልስጥዎት። በሬንደር ማስተካከያ ውስጥ ሲምፕሊፋይ የሚለውን አብርተው የቴክስቸሩን ጣሪያ 2048 ያድርጉት፤ የቴክስቸር ሜሞሪው ወደ ሩብ ይወርዳል፤ በፉል ኤችዲ ለሚወጣ ማስታወቂያ ከካሜራው ራቅ ባሉ ዕቃዎች ላይ ልዩነቱ አይታይም። ተመሳሳይ ዕቃዎችን በሺፍት ዲ ሳይሆን በአልት ዲ ያባዙ፤ ያኔ ጂኦሜትሪውን ይጋራሉ። ፐርዚስተንት ዳታ የሚለውን ግን አሁን አያብሩት፤ በየፍሬሙ የሚባክነውን የዝግጅት ጊዜ ቢቆጥብም ሜሞሪ ይጨምራል፣ የሚጠቅምዎ ባለ 16ቱ ሲገባ ነው።

ኪነ ፍሬም (ጠያቂ)

ሲምፕሊፋይን ሞክሬው አቋርጦኝ ከነበሩት ሲኖች አንዱ ሠርቷል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሐሳቤም ተጠቃልሏል፤ ራሙን በዚህ ሳምንት 32 አደርጋለሁ፣ ለአጎቴ ልጅም ባለ 16 ጊጋባይት 5060 ቲአይ እንዲገዛልኝ እነግረዋለሁ። ስለ ኮምፒውተር ብዙ የሚያውቅ ሰው ስላልሆነ ሲገዛ ምን እንዲያይ ልንገረው?

ዋትና ቮልት

ሦስት ነገር በጽሑፍ ይላኩለት። አንደኛ፣ የኬዝዎን ውስጥ ለክተው ካርዱ ከስንት ሚሊሜትር እንዳይረዝም ይንገሩት፤ ባለ ሁለት ፋን አጭር ሞዴል ለዚህ ኃይል ይበቃል፣ ባለ ሦስት ፋኑ ለውበት ካልሆነ አያስፈልግዎትም። ሁለተኛ፣ የኃይል መሰኪያው የተለመደው ባለ 8 ፒን መሆኑን ያረጋግጥ፤ አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ላይ በማስማሚያ ገመድ ከመሥራት ያድንዎታል። ሦስተኛ፣ ከታወቀ ሱቅ አዲሱን ይግዛና ደረሰኙን ከሳጥኑ ጋር ይያዝ፤ የብዙ ሠሪዎች ዋስትና የሚሠራው በተገዛበት አገር ስለ ሆነ፣ ቢቻል እዚያው አንድ ቀን በሰው ኮምፒውተር ላይ ገጥሞ ቢሞክረው ይሻላል። ሲመጣ በእጅ ሻንጣ ይያዘው።

እርስዎ ደግሞ እስከዚያው ማዘርቦርድዎ አዲሱን ካርድ ሳያስቸግር እንዲቀበል ባዮሱን ወደ ቅርቡ እትም ያሳድጉ፤ ይህንንም ዩፒኤሱ በተሰካበትና መብራቱ በተረጋጋበት ሰዓት ያድርጉት።